በግ መቼ ይተኛል?

ሌሊት ባትሪ ይዞ ወደ ጉረኖ ብቅ ያለ ሰው በጎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው አያገኛቸውም። እርግጥ ነው፣ ጋደም ብለዋል። ዓይናቸው ግን ተገልጧል፤ ጆሯቸው ወደ በሩ ዞሯል፤ መንጋጋቸውም ሥራ ላይ ነው። እኩለ ሌሊት ቢሄድም፣ ዶሮ ሲጮህ ቢሄድም የሚያየው ያንኑ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በግ ያረባ ሰው “በግ እንቅልፍ አያውቅም” ቢል አይፈረድበትም።

ጥርጣሬው የአርቢዎች ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲ. ሲ. ባልች የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ “ኔቸር” በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ከብትና በግን የመሳሰሉ የሚያመሰኩ እንስሳት እኛ በምናውቀው መልኩ መተኛታቸውን ተጠራጥሯል። የበላውን መልሶ የሚያኝክ እንስሳ ደረቱን ቀና አድርጎ መቆየት ይኖርበታል፤ ማመስኳቱ ደግሞ በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት ይወስድበታል። ታዲያ እንቅልፉ በየት በኩል ይገባል?

ይህ ጥያቄ ለተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ሜዳ ላይ የሚያድር በግ መኝታውን ራሱ ይመርጣል፤ ደረቁን፣ ከፍ ያለውን፣ ከነፋስ የተከለለውን ፈልጎ ይጋደማል። ቤት ውስጥ የተዘጋ በግ ግን ምርጫ የለውም። የሚተኛው ሰው በሰጠው ወለል ላይ፣ ሰው በለካለት ስፋት ውስጥ፣ ሰው ካጎራበተው በግ አጠገብ ነው። እንቅልፉ በአርቢው እጅ ገብቷልና አርቢው ሊያውቀው ይገባል።

የቱሉዝ ሌሊቶች

ለባልች ጥርጣሬ የማያሻማ መልስ የመጣው ከደቡብ ፈረንሳይ ነው። በቱሉዝ ከተማ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኢቭ ሩክቡሽ የተገለጠ ዓይን አይቶ መፍረዱን ትቶ አንጎልን መጠየቅ መረጠ። በበግ፣ በላም፣ በፈረስና በአሳማ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያነቡ ቀጫጭን ሽቦዎች ተከለ፤ የዓይንንና የጡንቻን እንቅስቃሴም አብሮ እየመዘገበ ቀንና ሌሊት ተከታተላቸው።

ጊዜውም የተመቸ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 አሰሪንስኪና ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ የሰው ዓይን በእንቅልፍ መካከል ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚርገበገብበት ልዩ ጊዜ መኖሩን አሳይተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በዚያ ጊዜ አንጎል እንደነቃ ሲሠራ የሰውነት ጡንቻ ግን ፈጽሞ እንደሚዝል አረጋገጠ። ብዙ ሕልም የሚታየው በዚህ የእንቅልፍ ክፍል ነው። ሩክቡሽ ይህን አዲስ እውቀት ይዞ ወደ ጋጣና ወደ ጉረኖ ገባ።

ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። በግ ከ24ቱ ሰዓት ወደ 16 ሰዓት ገደማ ፍጹም ነቅቶ ይቆያል። ከ4 ሰዓት ጥቂት የሚበልጠውን ጊዜ እያንጎላጀ ያሳልፋል። ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋውን በእርግጥ ይተኛል። ዓይን የሚርገበገብበትና ጡንቻ የሚዝልበት እንቅልፍ ግን ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚመጣ ሳይሆን በሌሊቱ ውስጥ በጥቂት በጥቂት ደቂቃ የተበታተነ ነው። ያው ተመራማሪ የለካው አሳማ ግን በቀን ወደ 8 ሰዓት ገደማ ይተኛል።

ስለዚህ በግ ይተኛል። አርቢው ያላየው እንቅልፉ አጭር፣ የተቆራረጠና የእግር ኮቴ ሲሰማ ወዲያው የሚቋረጥ ስለሆነ ነው። ባትሪ ይዞ የገባው ሰው ራሱ እንቅልፉን አባርሮታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ያለው የማንጎላጀት ጊዜ ነው። ሰው ሲያንጎላጅ ወይ ይነቃል ወይ ይተኛል፤ በዚያ መሃል ብዙ አይቆይም። በግ ግን እዚያው ለሰዓታት ይቆያል። አንጎሉ ዝግ ብሎ፣ ዓይኑ በከፊል ተከድኖ፣ መንጋጋው ማኘኩን አያቆምም። ሰውነቱ እያረፈ ሆዱ ይሠራል። ባልች ያነሳው እንቆቅልሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው፤ በግ ማመስኳትንና ዕረፍትን ጎን ለጎን ማስኬድ የሚችል እንስሳ ነው።

ደረትን ቀና አድርጎ

አንዲት እናት በግ ልትጋደም ስትል ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። በመጀመሪያ ጎንበስ ብላ ወለሉን ታሸታለች። አንዳንዴ ዞር ዞር ትላለች። ከዚያ በፊት እግሯ ወለሉን አንድ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር ታደርጋለች። ቀጥላ የፊት ጉልበቶቿን አጥፋ ትንበረከካለች፤ ኋላዋ እንደ ቆመ አንድ አፍታ ትቆያለች። በመጨረሻ ኋላዋን ታሳርፍና እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ በደረቷ ትተኛለች። ስትነሣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የሚነሣው ኋላዋ ነው።

ከተጋደመች ጥቂት ቆይቶ በአንገቷ በኩል አንዲት እብጠት የመሰለች ነገር ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ስትሄድ ትታያለች። ቀን የበላችው ሣር ነው፤ እንደገና ሊታኘክ ተመልሶ መጣ። መንጋጋዋ ወደ ጎን እየሄደ አንድ ደቂቃ ገደማ ታኝከዋለች። ከዚያ ትውጠውና እብጠቷ ቁልቁል ትወርዳለች። ጥቂት ሰከንዶች ዝም ትላለች፤ ሌላው ጉርሻ ይመጣል። በቀን ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ 8 ሰዓት ያህል ልታሳልፍ ትችላለች፤ አብዛኛውን የምታከናውነውም ተኝታ ነው።

ቆይቶ መንጋጋዋ ይዘገያል፣ ይቆማል። ጭንቅላቷን ወደ ጎኗ አዙራ በሽንጧ ላይ ወይም ዘርግታ በወለሉ ላይ ታሳርፈዋለች። ጆሮዋ ይወድቃል። ዓይኗ ይከደናል፤ ከሽፋኑ ሥርም ብሌኗ ሲርገበገብ፣ ከንፈሯና የጆሮዋ ጫፍ ሲርበተበት ይታያል። ጡንቻ የሚዝልበት እንቅልፍ ይሄ ነው። ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሊያበቃ ይችላል። ጭንቅላቷን ቀና ታደርጋለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ እንደገና ማመስኳት ትጀምራለች።

እንዲህ የሚያሳጥረው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሆዷም ነው። የበግ የመጀመሪያው ትልቁ ጨጓራ ከ10 ሊትር በላይ ሣርና ፈሳሽ ይይዛል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሣሩን ሲያብላሉ ጋዝ ያለማቋረጥ ይፈጠራል። ጋዙ የሚወጣው በግሳት ነው። በግ በደረቷ ስትተኛ ጋዙ ከላይ፣ ፈሳሹ ከታች ይሆንና የጉሮሮ ቧንቧው አፍ ነጻ ይሆናል። በጀርባዋ ከተገለበጠች ግን ፈሳሹ የቧንቧውን አፍ ይሸፍነዋል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ሆዷ እየተነፋ ሳንባዋን ይጫናል። እንዲህ ወድቃ መነሣት ያቃታት በግ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አደጋው የሚበረታው ከባድ ሱፍ ባላት፣ በወፈረችና መውለጃዋ በደረሰ በግ ላይ ነው። ስለዚህ በጀርባው የወደቀ በግ ያገኘ ሰው ወዲያው አቃንቶ ማቆም፣ ጋዙ እስኪወጣና ሚዛኑ እስኪመለስ ድረስም ደግፎ መያዝ አለበት።

ግልገል ከዚህ ሕግ ነጻ ነው። የሚጠባው ወተት ትልቁን ጨጓራ አልፎ ስለሚሄድ የሚያስጨንቀው ጋዝ የለም። በጎኑ ተዘርግቶ፣ አራት እግሩን ወርውሮ ይተኛል፤ ከእናቱም በላይ ይተኛል። እንዲያውም የበግ እንቅልፍ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦክስፎርድ ጄፍሪ ዶስና ባልደረቦቹ፣ በእናቱ ማኅፀን ያለ ግልገል ዓይኑ በሚርገበገብበት እንቅልፍ ውስጥ ሳለ ደረቱ የመተንፈስ ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያደርግ አገኙ። ሳንባው አየር ሳይነካው ሥራውን ይለማመዳል ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ የፅንስን ደረት አይተው ጤንነቱን ሲገምቱ የሚጠቀሙበት እውቀት ከነዚህ ግልገሎች ብዙ ተበድሯል።

ግማሽ ካሬ ሜትር

በግ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያርፍ በጥልቀት ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ኖርዌይ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኖርዌይ በጎች በጋውን በተራራ ላይ ይግጣሉ፤ በመስከረም ገደማ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በረዶው እስኪቀልጥ ግማሽ ዓመት ያህል በቤት ውስጥ ይቆያሉ። በጎቹ የሚበዙበት አካባቢ ገለባ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ አርቢዎች ፍጉና ሽንቱ ወደ ታች የሚያልፍበት የብረት መረብ ወይም የእንጨት ርብራብ ወለል ይጠቀማሉ። ቤት መሥራት ውድ በመሆኑም እያንዳንዷ በግ የምትይዘው ቦታ በጥንቃቄ ይለካል።

ከኦስሎ በስተደቡብ ኦስ በምትባል ከተማ ባለው የኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ክኑት ኤጊል ቦኤና ባልደረቦቹ ይህን ልኬት ከበጎቹ ጸባይ አንጻር ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ለአንዲት በግ የመኝታ ቦታ ብቻ 1 ካሬ ሜትር፣ 0.75 ካሬ ሜትርና 0.5 ካሬ ሜትር እየሰጡ በጎቹ እንዴት እንደሚያርፉ መዘገቡ። ቦታው ወደ ግማሽ ካሬ ሜትር ሲጠብ በጎቹ ተኝተው የሚቆዩበት ጊዜ ቀነሰ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚተኙበት ጊዜም ቀነሰ። አንዷ ሌላዋን ከመኝታዋ የምታስነሣበት ድርጊት ግን ጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። የቦታ ጥበት በተራ በመተኛት ሊቃለል የሚችል ይመስል ይሆናል፤ በግ ላይ ግን አይሠራም። በግ መንጋ ነው። አንዱ ሲግጥ ሌሎቹ ይግጣሉ፣ አንዱ ሲጋደም ሌሎቹ ይጋደማሉ። ቤት ውስጥ ሲገባም ይህ ጸባዩ አይለቀውም፤ ድርቆሹ ሲቀርብ ሁሉም በአንድነት ይበላሉ፣ ጠግበው ሲያበቁም በአንድነት መኝታ ይፈልጋሉ። ከ20 በጎች 15ቱን ብቻ የሚያስተኛ ቤት፣ 5ቱ ቆይተው እንዲተኙ አያደርግም። 5ቱ ቆመው የተኙትን ያስነሣሉ።

የማስነሣቱ ሥራ የሚከናወነው ያለ ብዙ ግርግር ነው። ቆማ የቀረችው በግ ወደ ተኛችው ትጠጋለች፤ በፊት እግሯ ሽንጧን ትጎነትላታለች፣ ወይም በግንባሯ ትገፋታለች። የተኛችው ትነሣለች። ቦታው ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ተሸናፊዋ ደካማዋ፣ ለጋዋ ወይም ለመንጋው አዲስ የሆነችው ናት። ይህች በግ ዕረፍት ባጣች ቁጥር የምታመሰኳበት ጊዜ ያጥራል፤ ያላመሰኳችው መኖ ደግሞ በደንብ አይፈጭላትም። አርቢው ጠዋት ሲያያት ከሲታ ናት። መኖ ያነሳት ይመስለዋል።

አውሮፓውያን የቦታውን ልክ በደንብና በመመሪያ ጽፈውታል። በአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ እርባታ ደንብ መሠረት ለአንድ በግ በቤት ውስጥ ቢያንስ 1.5 ካሬ ሜትር፣ ለግልገል ደግሞ 0.35 ካሬ ሜትር ይጨመራል። የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ያረገዘች በግ ከ1.2 እስከ 1.4 ካሬ ሜትር ይመክራል። እነዚህ ልኬቶች መቆሚያንና መመላለሻን ጨምረው የተቀመጡ በመሆናቸው ከኖርዌዩ የመኝታ ልኬት ጋር በቀጥታ አይነጻጸሩም።

ግድግዳውና ወለሉ

ስፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቅርጹም ዋጋ አለው። ወደ በግ ቤት ገብቶ የተኙትን ያየ ሰው መካከሉ ባዶ ሆኖ ጥጋጥጉ ተይዞ ያገኛል። በጎች ግድግዳ ይወዳሉ። ጀርባን ወይም ጎንን ለግድግዳ የሰጠች በግ በዚያ በኩል የሚረግጣት፣ የሚጎነትላት ወይም ከኋላ የሚመጣባት የለም። ዓይኗ በራስ ቅሏ ጎንና ጎን ስለሆነ ቀሪውን ዙሪያ ጭንቅላቷን ብዙ ሳታዞር ትቃኛለች። ስለዚህ ስፋታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ክፍሎች ረጅም ግድግዳ ያለው ክፍል ለዕረፍት የተሻለ ዕድል ይሰጣል። መመገቢያውና ውኃው ከመኝታው ራቅ ማለታቸውም ይጠቅማል፤ ሊጠጣ የሚሄድ በግ የተኙትን እየረገጠ ማለፍ የለበትም።

ወለሉን በተመለከተ ኖርዌያውያኑ ሌላ ጥያቄ አንስተው ነበር፤ በግ ምርጫ ቢሰጣት በምን ላይ ትተኛለች? እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ጥናታቸው የተለያዩ ወለሎችን አቅርበው በጎቹ ከመሸለታቸው በፊትና በኋላ የት እንደሚተኙ ተከታተሉ። ሱፋቸው ሙሉ ሳለ በጎቹ ለወለሉ ዓይነት ያን ያህል አልተጨነቁም። ከተሸለቱ በኋላ ግን ሙቀታቸውን የማይነጥቃቸውን ወለል፣ በተለይም ገለባውን፣ አጥብቀው ፈለጉ።

ምክንያቱን የሙቀት ስሌት ያስረዳል። 10 ሴንቲ ሜትር ሱፍ ያላት በግ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ለሙቀት ብላ ተጨማሪ ጉልበት አታወጣም። ሱፏ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን 25 ዲግሪ ላይ እንኳ መብረድ ትጀምራለች። ስትተኛ ደግሞ ከሰውነቷ ሰፊው ክፍል ከወለሉ ጋር ይገናኛል፤ የሆድ ሥር ሱፍም ስስ ነው። ብረትና ሲሚንቶ ሙቀትን ይስባሉ። ደረቅ ገለባ ግን በውስጡ አየር ስለሚይዝ እንደ ፍራሽ ሆኖ ከወለሉ ይለያታል። እርጥብ ገለባ ከቶ አይለያትም።

እርጥበቱ ሌላም ጣጣ አለው። ሽንትና ፍግ ሲከማች አሞኒያ ይወጣል። ክምችቱ የሚበረታው ከጉዝጓዙ አጠገብ፣ ማለትም የተኛች በግ አፍንጫ ባለበት ከፍታ ነው። አርቢው ቆሞ ሲገባ ሽታው ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ግልገሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው የታችኛውን አየር ነው። ዓይኑ ያለቅሳል፣ የመተንፈሻው ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ የሳንባ ምች መንገድ ያገኛል። የጣት መሃል ቁስልም ከእርጥብ ጉዝጓዝ ጋር አብሮ ይመጣል።

ብቻውን ያደረ በግ

ስለ በግ ዕረፍት ሲወራ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ጓደኛ።

በእንግሊዝ አገር በባብራሃም ተቋም ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ማስታወስ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ሌላ ሙከራ አሳተመ። ብቻቸውን በጨለማ ክፍል የተዘጉ በጎች ይጨነቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል። የሚያውቁት ዓይነት በግ የፊት ፎቶግራፍ ሲታያቸው ግን ጭንቀታቸው ቀለል አለ፤ የፍየል ፊት ወይም ተራ ቅርጽ ሲታያቸው ያን ያህል አልረገቡም። ፎቶግራፍ ይህን ያህል ካደረገ ሕያው ጓደኛ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ መገመት አያዳግትም።

ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ከጄኒ ሞርተን የመጣው ግኝት ደግሞ ነገሩን ያጎላዋል። እሷና ባልደረቦቿ ያጠኑት የሃንቲንግተን በሽታን ዘረመል እንዲይዙ የተደረጉ በጎችን ነው፤ በሽታው በሰው ላይ አንጎልን የሚያደክምና እንቅልፍንም የሚያናጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት በሽተኞቹ በጎች ከጤነኞቹ ጋር ተቀላቅለው ሲኖሩ የቀንና የሌሊት ሥርዓታቸው እንደ ጤነኞቹ ይመስል ነበር። ከጤነኞቹ ተለይተው ለብቻቸው ሲደረጉ ግን መዛባቱ ወጣ። መንጋው የእያንዳንዱን በግ ሰዓት ይጠብቅለታል ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የተገዛ በግ ሌሊቱን ሲጮህ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ከገበያ ድረስ በእግር ወይም በመኪና ጣሪያ ላይ መጥቷል፤ መንጋው ጠፍቶበታል፤ አጭር ገመድ አንገቱ ላይ ነው፤ የቆመው ደግሞ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ነው። መጋደም ቢፈልግ እንኳ ገመዱ ተንበርክኮ ጎኑን እንዲያሳርፍ አይፈቅድለትም። እንዲህ ያለው በግ አይተኛም፣ እንደሚገባውም አያመሰኳም። ከጎረቤት በግ ጋር አንድ ላይ ማሳደር፣ ካልተቻለም ድምፅ በሚሰማበት፣ ግድግዳ ባለው ጥግ፣ በደረቅ ጭድ ላይ፣ ረዘም ባለ ገመድ ማሰር ብዙም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ደጋ ላይ ሲመሽ

የኢትዮጵያ ደጋ በግ ግማሽ ዓመት ቤት አይዘጋበትም። ቀን ከእረኛ ጋር ይውላል፤ ማታ ግን ይገባል። ከጅብ፣ ከቀበሮና ከሌባ የሚጠብቀው ጉረኖው ወይም የቤቱ ጥግ ነው። በብዙ ቦታ ቤተሰቡና በጎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የገባ በግ ጠዋት እስኪሞቅ ከቆየ ከ12 ሰዓት በላይ ቤት ውስጥ አሳልፏል፤ ከእንቅልፉና ከሚያመሰኳበት ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈውም እዚያው ነው። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የመንዝ በግ ሻካራ ጠጉርና ላት ይዞ ይህን ብርድ ለምዶታል፤ እርጥብ ወለል ላይ ሲያድር ግን ጠጉሩ ረጥቦ የሚያድነው ነገር ይቀንሳል።

የኖርዌይ ቁጥሮች እንዳለ ወደዚህ አይገለበጡም። የኖርዌይ እናት በግ 80 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ትመዝናለች፤ የመንዝ እናት በግ 25 ኪሎ ግራም አካባቢ ናት። ትንሽ ሰውነት ሲተኛ የሚይዘው ቦታም ትንሽ ነው፤ በሰውነት ስፋት ስሌት ቢሠራ ከትልቋ በግ ግማሽ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለአንዲት የመንዝ በግ ለመኝታ ብቻ ግማሽ ካሬ ሜትር የሰጠ አርቢ በጎ አድርጓል። ላረገዘች፣ ግልገል ላላትና ቀንድ ላለው ግን መጨመር ይኖርበታል። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ስድስት ሳምንት ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምርበት ጊዜ ነው፤ ማኅፀኑ ጨጓራዋን ይጫናል፤ ለመጋደምም ለመነሣትም ትቸገራለች። ገፍተው የሚያስነሷት ጎረቤቶች ካሏት ችግሯ እጥፍ ይሆናል።

ቁጥር ለመለካት ጊዜ የሌለው አርቢ በዓይኑና በጉልበቱ ሊፈትን ይችላል። ማታ በጎቹ ከተረጋጉ በኋላ በቀስታ ብቅ ብሎ ይቁጠር፤ ሁሉም ተጋድመዋል? ሌሎቹ ተኝተው አንዷ ሁልጊዜ የምትቆም ከሆነ ወይ ቦታ አጥታለች፣ ወይ የሚያማት ነገር አለ። ሌሎቹ ወደ መኖ ሲሮጡ ተኝታ የምትቀር ደግሞ እግሯ ወይም ሆዷ ሊታይላት ይገባል። ከተጋደሙት መካከል ብዙዎቹ እያመሰኩ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። ቀጥሎ በጎቹ በሚተኙበት ቦታ ላይ ተንበርክኮ ጥቂት ይቆይ። ሲነሣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ከረጠበ በጎቹም ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ላይ ናቸው። በዚያው ከፍታ ላይ በአፍንጫው ይተንፍስ፤ ሽታው ዓይኑን ካቃጠለው ግልገሎቹንም ያቃጥላቸዋል።

መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይደለም። በጠጡንና ፍጉን በየጊዜው መጥረግ፣ ለማገዶም ለማሳም ይውላልና። ከመመገቢያው የተረፈውን የስንዴ፣ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ መጎዝጎዝ። ዝናም በሚበዛበት አካባቢ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሽንት የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ መሥራት፤ የግልገል እግር እንዳይገባበት ክፍተቱን ማጥበብ። ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ መተው፤ በጎቹ በሚተኙበት ከፍታ ግን ነፋስ እንዳይገባ መምረግ። አዲስ የተገዛ በግ መጀመሪያ ለብቻው ተለይቶ ጤንነቱ ሲታይ፣ ሌሎቹን የሚያይበትና የሚሰማበት ቦታ ላይ ማድረግ።

ሩክቡሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የቤት እንስሳ አዲስ አካባቢን መልመዱና አለመልመዱ በእንቅልፉ ሊለካ እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለዚህ ሽቦና መሣሪያ ያለው አርቢ የለም፤ ነገር ግን ዓይን ያለው ሁሉ በጎቹ መተኛታቸውን ማየት ይችላል። በግ የሚያረባ ሰው ለመኖው፣ ለውኃውና ለክትባቱ እንደሚያስበው ሁሉ ለመኝታውም ያስብ። ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ወለሉን በእጁ ይዳስስ፤ ከረጠበ ደረቅ ጭድ ያልብስበት።